የባለጥፍር የታችኛው ከንፈር

ፊልም ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ብርሃን የሚቀበለው ቅብ ያረፈበት ነው፤ ጀርባው ቅቡን የተሸከመ ተራ ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካ ጠቅልሎ ያሸገውን ፊልም ገዝቶ ካሜራው ውስጥ ለሚከት ሰው ይህ ልዩነት ምኑም አይደለም፤ ሌላው አስቦለታል። ፊልሙን ራሱ ድቅድቅ ባለ ጨለማ ቆርጦ፣ ራሱ ጠቅልሎ፣ ራሱ ካሜራ ለሚያጎርስ ሰው ግን የሙያው ሁሉ መጀመሪያ ይህ ነው፤ ዓይን በማይሠራበት ቦታ ፊትን ከጀርባ መለየት።

በአንድ ፎቶ ቤት የጨለማ ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገለው ፊልም አጣቢ ይህን የሚለየው በታችኛው ከንፈሩ ነበር። ከንፈሩን በልኩ ያረጥብና የፊልሙን ጫፍ ያስነካዋል። ፊቱ ከሆነ ቀስ ብሎ ይይዘዋል፤ ጀርባው ከሆነ እንደ መስታወት ያመልጠዋል። የላይኛው ከንፈሩ ጢም ስላለበት አይታመንም። ምላሳቸውን የሚያስቀድሙትን ደግሞ ከልቡ ይንቃቸው ነበር፤ ምራቅ ቅቡ ላይ እድፍ ይተዋልና። በሥሩ ላለፉ ሠልጣኞች ሁሉ፣ እንደ ድመት የሚልስ ሰው ወተት ቤት እንጂ ጨለማ ክፍል አይገባም ይላቸው ነበር።

ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ባለጥፍር» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በካሜራዎቹ ሰበብ ነው። አራት ነበሩት፤ አራቱም ለጥገና መጥተው ባለቤቶቻቸው ሳይመለሱባቸው የቀሩ፣ ፊልማቸው ከገበያ የጠፋ፣ ማንም «ስጡኝ» የማይላቸው ነበሩ። አንደኛዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ሁለተኛዋ ሲጋራ መለኮሻ ከመምሰሏ የተነሣ አንድ እንግዳ በእሷ ሲጋራውን ሊለኩስ ሲታገል ቆይቶ ጋዟ አልቋል ብሎ መልሷታል። ሦስተኛዋ እንደ እጅ ሰዓት አንጓ ላይ የምትታሰር ናት። አራተኛዋ፣ እሱ የሚወዳት፣ ከአውራ ጣት ጥቂት የምትረዝም ብረት ናት፤ ስትስባት ዓይኗን ትከፍታለች፣ ስትገፋት ትዘጋለች፣ በመካከሉ ፊልሟን አንድ እርምጃ ታሳልፋለች። አራቱም የሚያወጡት ምስል ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ጎረቤት ሲያገኘው «ባለጥፍር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቧጨርክ?» ይለዋል። እሱም የማይመለከተው ይመስል ኪሱን ይዳስሳል።

ለእነዚህ ካሜራዎች ፊልም የሚሸጥ ስለሌለ የቆረጣውን መሣሪያ ራሱ ሠራው። ከጠንካራ እንጨት የተፈለፈለ ሰርጥ ነው፤ በሰርጡ ውስጥ ሁለት የጢም ምላጮች በልካቸው ተራርቀው ተተክለዋል። ትልቁን ፊልም በጨለማ በሰርጡ ሲስበው መካከሉ እንደ ጥብጣብ ተሰንጥቆ ይወጣል። ጥብጣቡ በአንድ ፀጉር ቢሰፋ ይቀረቀራል፣ በአንድ ፀጉር ቢጠብ ይንሸራተታል። የሚያጥብበትን ዕቃ ከመድኃኒት ብልቃጥ ሠርቶታል። ፎቶ ቤቱ የሠርግና የምረቃ ፎቶ እያጠበ ሲኖር፣ እሱ በምሳ ሰዓቱ የራሱን ጥፍሮች እያጎላ፣ ሰው ያላየውን ሰው ያያል። ጥቅም አላገኘበትም። ለምን እንደሚደክም ሲጠይቁት፣ ትልቅ ካሜራ ሲያዩ ሁሉም ሰው ፊቱን ያበጃል፣ ያልተበጀ ፊት የሚገኘው በዚህች ብቻ ነው ይላል። ከዚያም ካሜራዋን በመዳፉ ውስጥ ያጠፋታል።

ይህ አስተያየቱ በትዳሩ ውስጥ ዋጋ አስከፍሎታል።

ባለቤቱ የስልክ አገናኝ ነበረች። ድምጿን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ገበያ ወጥታ «ስንት ነው?» ስትል የሚዞርባት ሰው ነበር። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት የእናቷን መርዶ የሰማችው ሥራ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷ ባገናኘችው መስመር ነው። የደወለው አጎቷ ነበር፤ መስመሩን ያገናኘችው እሷ መሆኗን ሳያውቅ «ለልጅቷ አሁን አትንገሯት» ሲል ሰማችው። ባለጥፍር በዚያ ሰዓት ከሥራ ሊቀበላት ደጅ ቆሞ ነበር። እሷ ወጣች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ የጆሮ ማዳመጫው ፀጉሯ ላይ የተወውን ምልክት እንኳ ሳታስተካክል አለቀሰች። እሱ ወደ እሷ ሲራመድ እጁ ከልቡ ቀደመ። ብረቷን ሳባት፤ ገፋት።

ጥፋቱ በዚያ ቢያበቃ ምናልባት ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ግን ፎቶው ያማረ ሆነ። ጉዳቱም ያ ነው። አጉልቶ ሲያደርቀው የፎቶ ቤቱ ባለቤት አይቶ ተገረመ፣ ከዚህች ኢምንት ካሜራ ይህ ወጣ ወይ አለ፣ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ መንገድ ዳር ባለው መስኮት ሰቀለው። ባለጥፍር አልከለከለም። እንዲያውም ማዕዘኑ መጣመሙን አይቶ ራሱ አቃናው። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ በዚያ በኩል ስታልፍ ሁለት ሴቶች ቆመው፣ ይህቺ ምን ሆና ይሆን እየተባባሉ ፊቷን ሲያዩ ደረሰች።

አልጮኸችም። ገብታ በዚያ ከተማው በሚያውቀው ትሁት ድምጿ ፎቶው እንዲወርድላት ጠየቀች፣ ተሸክማ ቤቷ ገባች፣ ማታ ባሏ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ተቀዳዶ ጠበቀው።

«ደረጃው ላይ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁህ» አለችው። «ልታነሣኝ የመጣህ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ፊቷ በእሱ ካሜራ እንደማይገባ ነገረችው፤ ቃሏንም ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቀች። ኩርፊያ አልነበረም። አብረው ይበላሉ፣ ይሥቃሉ፣ ልጅ ወለዱ፣ ልጅ አሳደጉ። ካሜራ ሲወጣ ግን እሷ ትነሣለች፤ የሰው ቦርሳ ትይዛለች፣ ሕፃን ታቅፋ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ መጋረጃ ትዘጋለች። በቤተሰቡ አልበም ውስጥ ያለችው በቁርጥራጭ ነው፤ በልጅቷ ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ፣ ከበር የሚወጣ የቀሚስ ጫፍ፣ በአንድ የልደት ፎቶ ላይ ግማሽ ክንድ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ሲታደስ ከጋብቻዋ በፊት የተነሣችውን ያችኑ ቀጭን ልጃገረድ ታስለጥፋለች። ዘበኛው በየጊዜው «ልጅዎ ናት?» እያለ ይቀልድባታል። ሌላ ሰው ደግሞ ላንሣሽ ብሎ አይጠይቃትም፤ የፎቶ ባለሙያን ሚስት ማን ያነሣል?

ልጃቸው ሙያውን ከአባቷ በጨለማ ተማረች። ሰባት ዓመት ሲሆናት ቀይ መብራት ሥር ወንበር ላይ ቆማ ወረቀት ላይ ፊት ብቅ ሲል አየች፤ አሥር ሲሆናት ከንፈሯን አረጥባ ፊልም መለየት ቻለች። አድጋ በሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ሆነች። እናቷ፣ አባትሽ ውጭውን ሲሰርቅ አንቺ ውስጡን ያዝሽ እያለች ትቀልድባት ነበር።

ይህች ልጅ ባሏ እጅግ ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝቶ አብራው ልትሄድ ሆነ፤ በቅርብ ዓመት መመለስ የሚባል ነገር የለም። ከመሄዷ አሥር ቀን በፊት ራት ላይ ለእናቷ፣ አባቷም እየሰማ እንዲህ አለቻት፦

«እማዬ፣ ነገ ልጅ ብወልድ ‹አያትሽ ይህቺ ናት› ብዬ የማሳያት ክንድ ብቻ ነው ያለኝ።»

እናትየዋ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች። ባለጥፍር ቀና ብሎ አላየም። ለአምስት ቀን ስለ ነገሩ የተናገረ የለም። በስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ማለት ነው፣ ልብስ እያጠፈች ሳለ ዓይኗን ከአንሶላው ሳታነሣ ለባሏ ነገረችው፦

«ቅዳሜ ከሰዓት እቀመጣለሁ። በዚያችው በሰረቅህባት። ፊት ለፊት ሆነህ፣ እያየሁህ። አንድ ቀን ብቻ።»

የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ሰጠችው፤ ተቀብሎ አብሯት አጠፈ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ ከግንቡ ጋር ፊት ለፊት ቆመ። ይህ ፎቶ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጠብቀው የኖረ፣ ሊጠይቅ ያልደፈረው ምሕረት ነበር፤ የመጣው ደግሞ በሙያው በኩል ነው። ዳግም እንደማይመጣም ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገረም ነበር። ከስምንት ወር በፊት የታችኛውን መንጋጋ ጥርሱን አስነቅሏል። ጥርሱ ሥሩ ጠማማ ነበር፤ ሲነቀል ከሥሩ የሚያልፈው ነርቭ ተጎዳ። የማደንዘዣው መርፌ ለቀቀው፣ ከንፈሩ ግን አልነቃም። ሐኪሙ በጊዜ ይመለሳል አለው፤ ጊዜው ሄደ፣ ከንፈሩ አልተመለሰም። ሻይ ሲጠጣ በአገጩ ሲወርድ የሚያውቀው ሸሚዙ ሲረጥብ ነው። በፎቶ ቤቱ ችግር አልገጠመውም፤ የፋብሪካ ፊልም ከንፈር አይፈልግም። ትንንሾቹን ካሜራዎች ግን በእነዚያ ስምንት ወራት አንድም ጊዜ አላጎረሳቸውም። ጊዜ አጣሁ ይላል። ጊዜ አላጣም።

ዓርብ ከሰዓት የልብስ ሣጥን የሚቀመጥባትን ጠባብ ክፍል በር በብርድ ልብስ ደፈነ። ልጁ ሻንጣዋን አሰናድታ ጨርሳ ከበሩ ውጭ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እኔ ላጉርሳት?» አለችው።

«አንቺ ጥርስ ሳታበቅዪ እኔ ፊልም አጎርስ ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከንፈርህ ግን ደህና ነው?»

«ከንፈሬ ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ። ስታወራ አንዳንዴ በአንድ በኩል ነው የምታወራው።»

«በሁለቱም በኩል ላውራ እንዴ? ፖለቲከኛ ነኝ?» አለና በሩን ዘጋ። እሷም ሳቀች፤ ነገሩም በሳቅ ታለፈ።

በጨለማው ውስጥ እጆቹ እንደ ወትሮው ነበሩ። ቆርቆሮውን ከፈተ፣ ፊልሙን በሰርጡ ሳበ፣ ምላጮቹ የታወቀውን ቀጭን ድምፅ አሰሙ፤ ጥብጣቡ በጣቶቹ መካከል ወጣ። ከንፈሩን አረጥቦ አስነካው። ምንም የለም። ገልብጦ አስነካው። ምንም የለም። የራሱ ከንፈር እንደ ሌላ ሰው ጫማ ሆነበት። ሌላ ጊዜ ፊልም ወደ ፊቱ በኩል ስለሚጠቀለል ጥቅልሉ ይረዳል፤ ይህ ፊልም ግን ለዓመታት በቆርቆሮው ተገልብጦ ተጠቅልሎ ስለኖረ ጥቅልሉ ይዋሻል፤ እንደሚዋሽም ያውቃል።

መውጫ ነበረው። አንደኛ፣ ምላሱ ደህና ነበር። ሁለተኛ፣ ከምላጮቹ ዳር የቀረውን ቅዳጅ አንድ ጫፉን አጥፎ ምልክት አድርጎበት፣ ጥብጣቡን በቆርቆሮው ከድኖ፣ ወጥቶ ቅዳጁን በብርሃን ማየት ይችል ነበር፤ ፊቱ ፈዛዛ፣ ጀርባው አንጸባራቂ ነውና ከአፍታ በላይ አይፈጅም። ሦስተኛ፣ ደጅ ላይ የተቀመጠችው ልጁ ራሱ ያሠለጠነው ከንፈር አላት። ምላሱን ሠላሳ አራት ዓመት ሲሰድበው ኖሯል። ቅዳጅ ይዞ ቢወጣ ልጁ ለምን እንደወጣ በአንድ እይታ ትረዳለች። እሷን ቢጠራ ደግሞ በቃሉ መናገር ሊኖርበት ነው። ሦስቱም በሮች ክፍት ነበሩ፤ በሦስቱም ላይ ኀፍረት ቆሞ ነበር። ስለዚህ ጥብጣቡን ለሦስተኛ ጊዜ ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ የያዘው መሰለው፣ ያንን መምሰል እንደ ማወቅ ቆጥሮ አጎረሳት። በጨለማ ክፍል መገመት የለም ብሎ ስንቱን ሠልጣኝ ያስለቀሰ ሰው ገመተ።

ሲወጣ ልጁ «ያዘ?» አለችው።

«ያዘ» አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ነጭ ኮሌታ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን፣ ሽበቷን እንዳለ አበጥራ ወጣች። መስኮቱ በግራዋ እንዲሆን ወንበሩን ራሷ አዞረችው፤ ከፎቶ ባለሙያ ጋር ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖረች ሴት ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። ባለጥፍር ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። ብረቷን በመዳፉ አልሸሸጋትም፤ በሁለት ጣቱ ይዞ አሳያት።

«ይህቺን ታህል ናት እንዴ?» አለችው። «እኔማ ትልቅ አድርጌ ነበር የማስባት።»

የት ልይ ብላ ጠየቀችው፤ ወደምትፈልጊበት አላት። እሱን አየች። ካሜራዋን ሳይሆን ከካሜራዋ በላይ ያለውን ሰው አየችው። ሳባት፤ ገፋት። በአራተኛው ላይ፣ ያኔም እንዲህ ተንበርክከህ ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር አለችው፤ ድምጿ ላይ ወቀሳ አልነበረበትም። በሰባተኛው ላይ ልጅቷ ከኋላ ሆና፣ እማዬ፣ «ይጠብቁ፣ መስመሩ ተይዟል» በይ አለቻት። እናትየዋም በዚያ በሥራ ድምጿ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አለችው፤ ብላ ሳትጨርስ ሳቀች። ሙሉ ሳቅ፣ ጥርሷ እስኪታይ፣ ዓይኗ ዳር ያለው መሥመር ሁሉ ተሰብስቦ። ያንንም ሳበው፤ ገፋው። ፊልሙ እስኪያልቅ አሥራ አምስት ጊዜ አነሣት። ሲነሣ ጉልበቱ ጮኸ፤ እጇን ዘርግታ አነሣችው።

በዚያ ምሽት ቤቱ ቀላል ነበር። ሚስቱ ጉዳዩ ያበቃ ያህል ስለ መንገዱና ስለ ሻንጣው ክብደት አወራች፤ ባለጥፍርም ሲያወራ አመሸ። የቱ እንደሚጎላ እንኳ መርጦ ነበር፤ ሰባተኛው።

እሑድ ጠዋት አጠበው። የፊልም ማጠቢያውን መድኃኒት ሐሙስ ራሱ በጥብጦ አሳድሮታል፤ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለካ፣ ብልቃጡን በየደቂቃው እየገለበጠ ሰባት ደቂቃ ቆጠረ፣ አጠበ፣ ምስሉን የሚያጸናውን ማጽኛ አፈሰሰበት፣ ጊዜውን ጠበቀ። ከዚያ ከፍቶ ጥብጣቡን ወደ አምፖሉ አነሣው።

መስኮቱ ነበር። አሥራ አምስት ጊዜ፣ እንደ ጤዛ የሳሳ ግራጫ አራት ማዕዘን ሆኖ መስኮቱ ነበር። በአንዳንዱ ላይ የወንበሩ ጠርዝ እንደ ጭረት ይታያል። ፊቷ ሊሆን በሚገባው ቦታ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልተጻፈበት ፕላስቲክ ነበር። ብርሃኑ ወደ ቅቡ የደረሰው በጀርባው በኩል፣ ፋብሪካ ጀርባው ላይ በሚቀባው፣ ሲታጠብ በሚለቀው ቀለም ተጣርቶ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ያለፈው የመስኮቱ ብርሃን ብቻ ነው፣ ፊት ለማለፍ ጉልበት አልነበረውም። እንዳይጠራጠር ደግሞ መስኮቱ በተቃራኒው ጎን ነበር። እሷ በግራዋ ያደረገችው መስኮት በቀኟ ተቀምጦ ነበር።

ይህን ጥፋት በሌሎች እጅ ስንት ጊዜ አይቶታል። ቢሆንም ሠላሳ ዓመት የለመደው እጁ አላረፈም፤ ባዶውን ጥብጣብ በሚፈስ ውኃ ሥር ሃያ ደቂቃ ሙሉ አለቀለቀው፣ ጠብታውን በሁለት ጣቱ ጠረገለት፣ አቧራ እንዳይነካው በጥንቃቄ ሰቀለው።

ልጁ ገብታ ከተሰቀለበት አወረደችው። ወደ መስኮት ወስዳ አየችው። ለሰባት ዓመት ሰው በፊልም ላይ ያለውን ሲያነብብ የኖረ ዓይን ነው፤ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። አንዴ አገላብጣ ፊትና ጀርባውን አየች፣ ወደ አባቷም ዞረች። እንዲናገር ጠበቀችው። በሩ ላይ እናትየዋ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ ቆማለች።

«መድኃኒቱ አርጅቶብኛል» አለ ባለጥፍር።

ሚስቱ ቀስ ብላ ገባች።

«መድኃኒቱን ሐሙስ አይደለም የበጠበጥከው? የዱቄቱን ቆርቆሮ የከፈትኩልህ እኔ አይደለሁም?»

«ቆርቆሮው የቆየ ነው። ቀኑ አልፎበት ይሆናል።»

ወደ ልጇ ዞረች። «ልጄ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። መድኃኒቱ ነው?»

ልጅቷ ጥብጣቡን በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። «አባዬ ነው ካለ…» አለችና ሳትጨርስ ተወችው። ያ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ለእናቷ በቂ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰዎችን መስመር ያገናኘች ሴት ዝምታ ውስጥ ያለውን ትሰማለች።

ባለጥፍር አሁንም መናገር ይችል ነበር። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ስለ ውኃው ሙቀት ነበር።

«ተወው» አለችው ሚስቱ። «ስምንት ወር ሙሉ የጠረጴዛውን ጨርቅ የማጥበው እኔ ነኝ። ሻይህ በየት በኩል እንደሚወርድ አውቃለሁ። ከንፈሬ አይሰማኝም፣ ልጄን አስነካኋት ብትል ምን ይልህ ነበር ሰው? እሺ፣ ዓርብ አፈርክ። ዛሬም ተሳሳትኩ ብትለኝ ይህንኑ ቀሚስ ለብሼ አሁኑኑ እቀመጥልህ ነበር። ያኔም እኮ ያስቀየመኝ ፎቶው አልነበረም። ፎቶውን አወርደዋለሁ ማለት አቅቶህ ማዕዘኑን ማቃናትህ ነው።»

ማዕዘኑን ማቃናቱን እንደምታውቅ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም ነበር።

ቀሚሷን ሣጥን ውስጥ ከተተች። ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ሄደች። ደጅ ላይ አባቷን አቅፋ፣ አባዬ፣ ሐኪሙ ጋ ተመለስ አለችው፤ እሺ አላት። አልተመለሰም።

በሦስተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። ለሁለቱም የተጻፈ ነበር፤ ባለጥፍር ከሥራ ሲመለስ ፖስታው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አገኘው። ባለቤቱ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ቆሞ አነበበው። ስለ ቤታቸው፣ ስለ ባሏ ሥራ፣ ስለ ብርዱ ጽፋለች። ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ የእማዬ ፎቶ ደረሰኝ፤ እጅህ ይባረክ። በመጨረሻ እውነቱን እንደነገርካት ገባኝ። ቀና ብላ ነው የምታየው፣ ሽበቷም ያምራል፣ በከንፈሯ ጥግ ልትሥቅ ያለች ትመስላለች። አልጋዬ አጠገብ አድርጌዋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ካውያው በልብሱ ላይ ሲሄድ ይሰማል።

«ማነው ያነሣሽ?» አላት።

«ፖስታ ቤቱ በር ላይ ያለው ሰውዬ። አንሶላ ግድግዳው ላይ የሚወጥረው።»

«የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሣው?»

«አዎ። ‹እናቴ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ› አለኝ፤ ቀና አደረግሁ። ‹አንዴ ልድገመው፣ የመጀመሪያው ላይ ተሳስቻለሁ› አለኝ፤ ደገመው። ይኸው ነው።» የሸሚዙን እጅጌ አገላበጠች። «ካሜራ ፊት አልቀመጥም ብዬ አልማልኩም። ያንተን ነው ያልኩት።»

የትኛውን ሸሚዝ እየተኮሰች እንደሆነ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ የራሱን ነበር፣ የሥራውን። በሕይወቷ የነበረውን ቦታ አሳንሳበታለች፤ ኮሌታውን ግን እንደ ሁልጊዜው ሁለት ጊዜ ትተኩስለታለች።

በማግሥቱ መልስ ሊጽፍ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ወረቀት ስለ ጤናና ስለ አየር ጠባይ ሞልቶ ቀደደው። በሁለተኛው ላይ «ፎቶው ደስ ስላለሽ ደስ ብሎኛል» ብሎ ጀመረ፤ ይህ ውሸት እንዳልሆነ ራሱን ለማሳመን ሲሞክር ቆየና እሱንም ቀደደው። በሦስተኛው ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «እኔ አላነሣኋትም። ዓርብ ዕለት ከንፈሬ አልሠራም ነበር፤ አንቺን መጥራት አፍሬ ነው።» ሌላ አልጨመረበትም። ፖስታውን ሳያሽግ ባለቤቱ በምትቀመጥበት በኩል ጠረጴዛው ላይ ተወው። ማታ ሲያይ ታሽጓል፤ አድራሻው በእሷ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። አንብባው ይሁን ሳታነብበው፣ አላለችም።

የመታወቂያ ፎቶ አራት አራት ሆኖ እንደሚታተም ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ልጅቷ በሚቀጥለው ደብዳቤዋ አንዱን ለአማቷ እንደሰጠች ጻፈች፤ ስለዚህ ሁለቱ ሄደዋል። የቀሩት ሁለቱ ቤት ውስጥ ናቸው፤ በልብስ መሳቢያው፣ ወይም በመጽሐፍ ቅጠል መካከል፣ ወይም በሥራ ቦርሳዋ። ለሚስቱ ሻይ ቀድቶ ሲያቀርብላት፣ መነጽሯን ፈልጎ ሲያመጣላት፣ በመሳቢያው አጠገብ በቀን አሥር ጊዜ ሲያልፍ፣ የት እንዳሉ አይጠይቃትም። እሷም አትነግረውም።